አባቴ ጭኑ ውስጥ ሰው ሰራሽ የደም ስር አለው፤ ጨረሩ ያበላሸው ይሆን?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ) — እሑድ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

አባቴ 58 ዓመቱ ነው። ግራ ጭኑ ላይ ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ እብጠት ወጣበት። መጀመሪያ የእንቁላል ታህል ነበር፣ ስላላመመው ዝም አለ፤ ብርቱካን ስታክል ነው የነገረን። ናሙና ተወሰደ፣ ሳርኮማ የሚባል የለስላሳ ሥጋ ካንሰር ነው ተባለ፣ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። እብጠቱ ዋናውን የእግር ደም ወሳጅ አቅፎት ስለነበር ሐኪሞቹ ከስሩ ጋር ቆርጠው አወጡትና በቦታው አንድ ስንዝር የሚሆን ሰው ሰራሽ የደም ስር ሰፉለት። እግሩ ይቆረጣል ብለን ስንት ሌሊት አልቅሰናል። እግሩ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ አሁን ቤቱ ነው። ዕጢው ከተቆረጠበት ዳር በጣም የቀረበበት ቦታ ስላለ 33 ቀን ጨረር ይውሰድ ብለዋል። ይህን እየተዘጋጀን ሳለ አጎቴ ሊጠይቀው መጣና «ላስቲክ እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቁ የለ?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አልሄድም ብሏል። «እግሬን ያተረፈልኝን ነገር በገዛ እጄ አላቃጥልም» ነው የሚለው። እናቴ ለመነችው፣ ሽማግሌ ለመነው፣ እንቢ አለ። የሚመልስለት ስላጣሁ ነው እዚህ የመጣሁት።

እውነት ጨረር ቱቦውን ይጎዳዋል? ሌላም አለ። ቁስሉ ብሽሽቱ አጠገብ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ አልገጠመም፤ ነጣ ያለ ውሃ ያወጣል። በዚህ ሁኔታ ጨረር ይጀመራል ወይ?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር (ደሴ) — እሑድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

አላህ አባትሽን ያሽርልሽ እህቴ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ አጎትሽ የፈሩትን እኔም እፈራለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ጡቷ ላይ ጨረር ወስዳ ቆዳዋ ጠቁሮ ሲላጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥጋን እንዲህ ካደረገ ላስቲክን ምን ሊያደርግ ነው? እንደኔ እንደኔ ቁስሉም አልደረቀምና ለጊዜው ብትቆዩ ይሻላል።

ሐኪም ከኮምቦልቻ — ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

እህቴ፣ አብሽሪ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የደም ስር ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። የአባትሽን ካርድ አላየሁም፣ ስለዚህ የምጽፈው የሚያክሙትን ሐኪሞች ቃል የሚተካ አይደለም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በተኛ ሰው አጠገብ ቆሜ ብዙ ጊዜ የመለስኩት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከእሳቱ ልጀምር። ጨረር እሳት አይደለም። መጠኑ የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ አካል አንድ ጁል ኃይል ተቀበለ ማለት ነው። 33 ቀን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ 2 ግሬይ፣ በድምሩ 66 ግሬይ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሰጥና ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ እንኳ ገላን የሚያሞቀው ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ሁለት በማይሞላ ነው። የአባትሽ ቱቦ ከሁለት ነገሮች በአንዱ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፦ ከተለጠጠ ቴፍሎን ወይም ዳክሮን ከሚባል ፖሊስተር። ቴፍሎን የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ መቅለጥ የሚባለውን ከሐሳባችሁ አውጡት።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ያየኸው እውነት ነው፣ ቆዳዋ የተላጠው ግን ስለጋለ አይደለም። ጨረር የህዋስን ዘረመል ይሰብራል፤ የተሰበረበት ህዋስ ለመከፋፈል ሲሞክር ይሞታል። ቆዳ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ስለሆነ ቀድሞ ይጎዳል። ቱቦው ህዋስ የለውም፣ አይታደስም፣ አይሞትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ቴፍሎን ከፕላስቲክ ዓይነቶች ሁሉ ለጨረር ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ረጃጅም ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ይህን አንብቦ የሚደነግጥ ሰው ስላጋጠመኝ ነው የማነሳው። ያ የሚሆነው ግን በፋብሪካ መጠን ነው። የሕክምና ዕቃ በጨረር ከጀርም ሲጸዳ የተለመደው መጠን 25,000 ግሬይ ነው፣ በዚህም ምክንያት የቴፍሎን ዕቃ በአብዛኛው በጋዝ ወይም በእንፋሎት ነው የሚጸዳው። የአባትሽ 66 ግሬይ ከዚያ ከ370 ጊዜ በላይ ያንሳል። ፖሊስተሩ ደግሞ ከመነሻው ጨረር ይችላል። ቱቦው ውስጥ ብረት ስለሌለም ጨረሩን አያንጸባርቅም፣ አይጋርድም። የብረት መረብ ያለው ስቴንት የገባለት ሰው ከሆነ ግን ለጨረር ክፍሉ መንገር አለበት።

እንግዲህ ቱቦው ደህና ነው ካልን የምንፈራው ምኑን ነው? ቱቦው የተያያዘበትን ሥጋ ነው።

ቱቦው ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱም ጫፎች ከአባትሽ ከራሱ ደም ስር ጋር ተሰፍተዋል። የደም ስር ግድግዳ ራሱን የሚመግቡ የጸጉር ያህል የቀጠኑ ስሮች አሉት፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቅ ስስ ሽፋን። ጨረር ሁለቱንም ይጎዳል። በወራትና በዓመታት ግድግዳው ይጠነክራል፣ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይጠባል። መጋጠሚያ ላይ ጠባሳ ወደ ውስጥ ማደጉ ጨረር በሌለበትም ያለ ችግር ነው፤ ጨረር ሲጨመር ይበልጥ ያሰጋል። የሚገርመው፣ ሰው ውስጥ የገባ ሰው ሰራሽ ስር ከዳር ዳሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያ ስስ ሽፋን የሚያለብሰው፣ መሃሉ ዕድሜ ልክ ራቁቱን ይቀራል። የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚታዘዘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አስፕሪንም ይሁን ሌላ፣ የታዘዘለትን «ጨረር ልጀምር ነው» ብሎ በራሱ እንዳያቆም።

ሁለተኛው፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ፣ ከቱቦው በላይ ያለው ቆዳና ጡንቻ ነው። ጨረር የነካው ቆዳ ቁስል የመግጠም አቅሙ ይደክማል። ቁስሉ ተከፍቶ ቱቦው ከተጋለጠና ተህዋስ ከያዘው፣ ቱቦው የራሱ የደም ዝውውር ስለሌለው መድኃኒት ወደ ውስጡ አይደርስም። ተህዋሱ እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ለብሶ ይጣበቅበታል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቱቦውን ማውጣት ይመጣል፣ እግርም አደጋ ላይ ይወድቃል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ቱቦውን በጡንቻ የሚሸፍነው ይህን አስቦ ነው። በአባትሽ ላይ ተሸፍኖ እንደሆነ ጠይቂ፤ የቀዶ ጥገናው ሪፖርት ላይ ይጻፋል።

ስለዚህ ያቺ ያልገጠመች ቦታ ናት ዋናው ነገር። ብሽሽት የሊምፍ (ከሥጋ መሃል የሚሰበሰብ ነጣ ያለ ፈሳሽ) ቧንቧዎች መተላለፊያ ስለሆነ የሚወጣው ነጣ ያለ ውሃ የሊምፍ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ የመግል መነሻም ሊሆን ይችላል። በስልክ ፎቶ የሚለይ አይደለም። ከቱቦ በላይ የሚያዥ ቁስል ይዞ ጨረር አይጀመርም፣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅም አይገባም። በዚህ ሳምንት ቀዶ ሐኪም ይየው።

አንድ ምልክት ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ከቁስሉ ቀይ ደም ጠብ ቢል፣ ወዲያው ቢቆምም፣ «ቆመ እኮ» ተብሎ አይታደርም። ትንሿ ደም የትልቁ ደም መልእክተኛ ልትሆን ትችላለች። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በእጅ ይዞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ክርና ማግ (ኮምቦልቻ) — ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጨርቅ ፋብሪካ 19 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ዳክሮን ሲሉ ነው ጆሮዬ የቆመው። ያ ሌላ ምንም አይደለም፣ እኛ ከጥጥ ጋር ቀይጠን የምንፈትለው ፖሊስተር ነው! የሚቀልጠው 250 እና 260 ዲግሪ መካከል ነው። በማቅለሚያ ጋን ውስጥ በግፊት 130 ዲግሪ በጋለ ውሃ ስናሳልፈው ምንም አይለውም። የሰው ገላ 37 ነው።

ደግሞ ይህን ለአባትሽ ንገሪልኝ። በ1950ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ማይክል ደበኪ የሚባለው አሜሪካዊ የልብና የደም ስር ሐኪም ናይለን ሊገዛ ሂዩስተን ከተማ ሱቅ ሄዶ ናይለን በማለቁ ዳክሮን ጨርቅ ይዞ ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹን ቱቦዎች በባለቤቱ የስፌት መኪና ነው የሰፋቸው። ይህን ሳነብ በሥራዬ የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ክርና ማግ ሰው ያድናል እኮ።

እህቴ፣ ብትፈቅዱልኝ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ቡና ካፈላችሁ የፖሊስተር ክር ይዤ መጥቼ ለአባታችን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። አንዳንዴ ሰው በቃል ያልገባው በእጁ ይገባዋል።

የጦሳ ግርጌ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ዶክተር፣ ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለአባቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ታዲያ ሥጋዬን ከሆነ የሚጎዳው ያው አይደል?» አለኝ። ግን ዛሬ ቢያንስ ጠየቀ፣ እስከ ትናንት ፊቱን ወደ ግድግዳ ነበር የሚያዞረው። ጋሼ ክርና ማግ፣ ቅዳሜ ቡናው ይጠብቅዎታል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ልጄ፣ የኔን ባል ታሪክ ልንገርሽ፣ ይጠቅምሽ እንደሆነ። እሱም እንደ አባትሽ ጭኑ ላይ ነው። ለእሱ ግን ሰው ሰራሽ ሳይሆን ከሌላኛው እግሩ ደም መላሽ ስር ወስደው ነው የተኩለት። ጨረሩን ጨረሰ፣ ቆዳው ጠቆረ፣ ዳነ፣ ሥራ ገባ። እኛም ረሳነው።

ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው ዳገት ሲወጣ ባቱን ይይዘው ጀመር። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት ሳያርፍ የሚወጣ ሰው መሃል ላይ ይቆማል። ደቂቃ ሲያርፍ ይለቀዋል፣ ሲቀጥል እንደገና ይይዘዋል። ሐምሌ ነበር፣ የደሴን ጭጋግ ታውቂዋለሽ፤ እግሩ ሲቀዘቅዝ ብርዱ ነው አልን። ከሰል አቀጣጥዬ እግሩን አጠገቡ አደረግኩለት። ያ እግር መስማት ቀንሶ ኖሯል፣ ሳይታወቀው ውሃ ቋጥሮ ተላጠ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኋላ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ የደም ፍሰትን በሚያሳይ በዶፕለር አልትራሳውንድ አዩት፤ ታችኛው መጋጠሚያ ላይ ጠቧል። በፊኛ ከፈቱለት። አሁን ዳገቱን ይወጣዋል፣ ቀስ ብሎ። ቀድመን ሄደን ቢሆን ከሰሉም አያቃጥለው ነበር። የሁለቱን እግሮች ቅዝቃዜ አወዳድሩ ነው የምለው። ብርድ ከሆነ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ። አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ብርድ አይደለም።

ሐኪም ከኮምቦልቻ — ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል

እናቴ፣ ከእኔ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ የእርስዎ መጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይበልጣሉ።

የተናገሩት ሌላም ነገር ያሳያል። የተተካው የራስ ስር በሆነበት ጊዜ ስሩ ሕያው ስለሆነ ጨረሩ እሱንም ከዳር እስከ ዳር ይነካዋል። ሰው ሰራሽ ሲሆን የሚነካው መጋጠሚያዎቹን ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች የራስን ስር ይመርጣሉ፣ ምክንያቱም ተህዋስን የመቋቋም አቅሙ ይበልጣል። ሁሉም የራሱ ዋጋ አለው፣ የተመረጠለትን ይዞ መጠበቅ ነው።

እህቴ፣ ትርታውን መለካት ተማሪ። የእግሩ መዳፍ ጀርባ ላይ፣ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ አጥንቶች መካከል ወደ ላይ ስትሄጂ፤ ሌላው ከውስጥ በኩል ካለው ቁርጭምጭሚት ኋላ። በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ ነው፣ በአውራ ጣት አይደለም፣ የራስሽን ትርታ ትሰሚያለሽ። ሐኪሙ ያገኘበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግላችሁ። እግሩ ካበጠ ትርታው ከእብጠቱ ሥር ሊደበቅ ይችላል፣ ያኔ አትደንግጪ፣ ሙቀቱንና ቀለሙን እይ። ትላንት የነበረ ትርታ ዛሬ ጠፍቶ እግሩ ከነጣ፣ ካመመው ወይም ከደነዘዘ ግን ሰዓታት ናቸው ያሉሽ።

የሚያጨስ ከሆነ ያቁም። እሱም መጋጠሚያን የሚያጠብ ነገር ነው።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ዶክተር፣ ስለ ላስቲኩ ተሳስቻለሁ፣ ተቀብያለሁ። ግን ከልቤ ልጠይቅ። ዕጢው ወጥቷል። ጨረሩ መጋጠሚያውን ካጠበበ፣ ቁስሉን ካደከመ፣ ጭራሽ ቢቀርስ?

ሐኪም ከኮምቦልቻ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወንድሜ፣ አባትየውም በልባቸው የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ድሮ ለዚህ ዓይነት ዕጢ እግር ይቆረጥ ነበር። በፈረንጆቹ 1982 በወጣ ጥናት የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሐኪሞች 43 ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው አወዳደሩ፦ 16ቱ እግር ወይም ክንዳቸው ተቆረጠ፣ 27ቱ ደግሞ ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ተሰጣቸው። በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አልተገኘም። እግር ሳይቆረጥ ማከም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፣ የተወዳደረው ቀዶ ሕክምናው ብቻውን አይደለም፣ ከጨረሩ ጋር ነው። አባትየው «እግሬን ያተረፈው ቱቦው ነው» ይላሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። ጨረሩ የዚያው ሕክምና ቀሪ ግማሽ ነው። ዳሩ ቀርቦ ሳለ ጨረር ቀርቶ ዕጢው ቢመለስ፣ የሚመለሰው እዚያው ቱቦው አጠገብ ነው። ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ማሰብ አልፈልግም።

ስለ ቁስል ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 2002 ከካናዳ የወጣ ጥናት አለ፣ 190 ሕሙማን ላይ የተሠራ። ጨረሩን ከቀዶ በፊት የወሰዱት 35 በመቶ፣ ከቀዶ በኋላ የወሰዱት 17 በመቶ ላይ ከባድ የቁስል ችግር ደረሰ። ቱቦ ስለገባላቸው ሰዎች የተሠራ አይደለም፣ ስለ ቁስል ግን ያስተምራል። አባትየው ከቀዶ በኋላ ነው የሚወስዱት፤ በዚህ በኩል የተሻለው ላይ ናቸው። ዕዳው ኋላ ይመጣል፤ ከቀዶ በኋላ የሚሰጠው መጠኑ ከፍ፣ ስፋቱ ሰፋ ስለሚል ከዓመታት በኋላ የጭን መድረቅ፣ የጉልበት አልታጠፍ ማለትና የእግር ማበጥ ያመጣል። በየቀኑ እግር ማፍታታት ከአሁኑ ይጀመር።

መንገደኛ (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እህቴን ይዤ ሰባት ሳምንት አዲስ አበባ የከረምኩ ነኝ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብሽሽት ታጥፎ ያን ሁሉ መቀመጥ ለደም ስርም ለቁስልም አይሆንም። ከቻላችሁ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን። ካልሆነ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ብርሃን ላይ አስወርዳችሁ አንቀሳቅሱት። የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ኮፒ ያዙ፣ እኛ ሳንይዝ ሄደን አራት ቀን ባክኖብናል። ጨረሩ ያረፈበት ቆዳ ላይ ቅቤም ቅባትም ሳያስፈቅዱ አይቀባ። ሱሪ ሳይሆን ሽርጥ ነው የሚሻለው፣ ወሎዬ ነውና ችግር የለም።

የጦሳ ግርጌ — ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሳልመለስ ስለቆየሁ አፉ በሉኝ።

ረቡዕ ነበር ቀዶ ሐኪሙ ያየው። በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ፈሳሹንም ለምርመራ ልኮ የሊምፍ ነው አለን፣ ተህዋስ አልተገኘበትም። ቱቦው በጡንቻ ተሸፍኗል፣ ሪፖርቱ ላይ አለ። አጥብቀው አሸጉት፣ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ አዘዙት፣ በ12ኛው ቀን ደረቀ። ሐኪሙ ከደረቀም በኋላ ጊዜ ጨመረልን።

ቅዳሜ ጋሼ ክርና ማግ መጡ። ክሩን አባቴ በሁለት እጁ ይዞ ሊበጥሰው ታገለ፣ አልተበጠሰለትም፣ ጣቱን ቆረጠው እንጂ። ምንም አላለም። ማታ ላይ እናቴን «ሻንጣዬ የታለ?» አላት።

አዲስ አበባ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚታቀድበት ሲቲ ስካን ሲነሳ አባቴ ራሱ ሐኪሟን ቱቦውን አሳይኝ አላት። አሳየችው። መጋጠሚያዎቹ የት እንዳሉ ከሪፖርቱ ጋር አመሳከረች፣ ዕጢው የነበረበት ቦታ ሙሉ መጠን ማግኘት ስላለበት የላይኛውን ከጨረሩ ማውጣት እንደማይቻል፣ የታችኛው ግን ጨረሩ ከሚያርፍበት ቦታ ውጭ እንደሚውል በግልጽ ነገረችው። «የላይኛውን እኛ በየሦስት ወሩ በዶፕለር እናየዋለን» አለችው።

ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ቆዳው ቀላ ብሏል፣ አልተላጠም። ሐኪሙ ትርታው ላይ ያደረገለት የእስክሪብቶ ምልክት በውዱእ ስለሚለቅ፣ እናቴ ሁልጊዜ ከኢሻ በኋላ ትርታውን ፈልጋ ታገኝና አዲስ ትሠራበታለች።